የገንዳው ታይመር በየቀኑ አራት ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል፤ ጥፋቱ የሽቦው ነው ወይስ የሰዓቱ?

የመክፈቻ ጽሑፍ

ጤና ይስጥልኝ። የመዋኛ ገንዳና የስፓ (የሙቅ ውሃ ትንሽ ገንዳ) መቆጣጠሪያ ሣጥን ካስገጠምኩ አንድ ሳምንት ሆነኝ። በዚህ ሳምንት ውሃው ውስጥ ከቆየሁበት ይልቅ ሣጥኑ ፊት የቆምኩበት ጊዜ ይበልጣል። ሣጥኑ ከሌላ አገር የመጣ የብረት ሣጥን ነው። ውስጡ የማጣሪያውን ፓምፕ የሚያስነሳና የሚያቆም ባለ ክብ ሰሌዳ ሜካኒካል ታይመር፣ 24 ቮልት የሚሰጥ ትንሽ ትራንስፎርመር፣ ውሃውን ከገንዳ ወደ ስፓ የሚያዞሩትን ሁለት የቫልቭ ሞተሮች የሚያዝ ሪሌይ (በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ማብሪያ)፣ እንዲሁም ፓምፑ ከመቆሙ በፊት ማሞቂያውን ቀድሞ የሚያጠፋ ማብሪያ አለ።

ታይመሩን ያስተካከልኩት ልክ እኩለ ቀን ላይ ነው። ሰሌዳውን ወደ ውጭ ሳብ አድርጌ አዞርኩና ከጠቋሚው ጋር አገናኘሁት። ፓምፑ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተነሥቶ ከቀኑ 10 ሰዓት እንዲቆም ሰሌዳው ጠርዝ ላይ ያሉትን ማስነሻና ማቆሚያ ሁለቱን ጥርሶች በየቦታቸው አጥብቄ አሰርኳቸው። በማግስቱ ፓምፑ የተነሣው በቀኑ 6 ሰዓት ነው። በሁለተኛው ቀን 10 ሰዓት ከ48 ሆነ፤ በሦስተኛው ከምሽቱ 3 ሰዓት ከ36። በአምስተኛው ሌሊት 8 ሰዓት ተኩል ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ተነሥቶ እኔንም አስነሣኝ። የገረመኝ ግን ስድስተኛው ቀን ነው፤ እኩለ ቀን ላይ ሣጥኑን ስከፍት ሰሌዳው ልክ ነበር። ማንም አልነካውም። በራሱ ዳነ ብዬ ደስ አለኝ፤ በማግስቱ አገርሽቶበት አገኘሁት።

ሌላም አለ። ከገንዳው ከፍ ብሎ የተሠራው ስፓ ጠዋት ጠዋት ጎድሎ ያድራል። ሽቦውን ያሰረው ባለሙያ ሰዓቱ ብልሹ ነው ይላል፤ የሸጠልኝ ሰው ሽቦው ያለ አግባብ ታስሯል ይላል። ማንን ልመን?

እስካሁን የመጡት መልሶች

የውይይቱ ክር ረዝሞ አዲስ ለሚገባ ሰው መላ ቅጡ ስለጠፋ፣ የተባለውን በተራ በተራ እኔው ላስቀምጥ። ቃል በቃል አልደግምም፤ የአንዳንዱ ቃል ባይደገም ይሻላል።

መልስ 1። የመጀመሪያው ሰው አንቱ እያለ፣ ሕመምተኛውን እንደማያስደነግጥ ሐኪም ቀስ ብሎ ነው የጠየቀኝ። መብራት ይጠፋ እንደሆነና የትኛው ሽቦ በየትኛው ብሎን ላይ እንዳለ እንድነግረው ፈለገ። ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር አስጠነቀቀኝ። ብሬከሩን ከዘጋሁ በኋላ ቴስተሩን በመጀመሪያ ኤሌክትሪክ እንዳለው በማውቀው ሽቦ ላይ፣ ቀጥሎ ልነካው ባሰብኩት ላይ፣ በመጨረሻ ደግሞ ተመልሼ በመጀመሪያው ላይ እንድሞክረው። ባትሪው የደከመ ቴስተር የሚገድል ሽቦን ሰላም ነው ብሎ ያሳልፋል። ከዚያ ወዲህ ይህን ሦስት ጊዜ መለካት አልተውኩትም።

መልስ 2። ሁለተኛው ሰው እርግጠኛ ነበር። የታይመሩ የራሱ ትንሽ ሞተር ኤሌክትሪክ የሚያገኘው ከመግቢያው ሳይሆን ከመውጫው በኩል ስለሆነ፣ ሰዓቱ የሚሄደው ፓምፑ ሲሠራ ብቻ ነው የሚል ሐሳብ ሰጠ። እንዲህ ያለ ስህተት የተለመደ መሆኑን አከለበት፤ እውነቱን ነው። ብሬከሩን ዘግቼ ካቻቢቴዬን ይዤ ገባሁ። በእኔ ታይመር ላይ 1 እና 3 መግቢያ፣ 2 እና 4 መውጫ ናቸው። የሰዓቱ ሞተር ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች 1 እና 3 ላይ ተጠምጥመዋል። ባለሙያው በደንብ ነው ያሰረው።

መልስ 3። ሣጥኑን ከመክፈቴ በፊት ይህን ባነበው ኖሮ ከድካም ባዳነኝ። ሦስተኛው ሰው የሁለተኛውን ሐሳብ ሳይነካካው በአመክንዮ ብቻ ጣለው፦ ሞተሩ ከመውጫው ቢታሰር ኖሮ ፓምፑ አንዴ ከቆመ ሰዓቱም አብሮ ይቆማል፣ የቆመ ሰዓት ደግሞ ፓምፕ አያስነሣም። የእኔው ፓምፕ ዘግይቶም ቢሆን ይነሣል። ሁለተኛው ሰው ተመልሶ ስህተቱን አመነ፤ በእንዲህ ያለ ቦታ ብዙ ጊዜ የማይታይ ነገር ነው።

መልስ 4። ይኼኛው ሰሌዳው ሰዓትን ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ እንደሚቆጥር፣ እኛ ግን ከንጋት ጀምረን እንደምንቆጥር አስታወሰኝና፣ ጠዋት 2 ለማለት 2 ቁጥር ላይ አስሬ እንደሆነ ጠየቀ። ጥያቄው ተገቢ ነበር። ነገር ግን እንዲህ ያለው ስህተት ሁልጊዜ ስድስት ሰዓት ሆኖ ይኖራል እንጂ በየቀኑ አያድግም። ደግሞም ጥርሱን ያሰርኩት 8 ቁጥር ላይ ነው።

መልስ 5 እና 6። አንዱ የመብራት መቋረጥን አነሣ። መካኒካል ታይመር ባትሪ ከሌለው መብራቱ ለጠፋበት ጊዜ ያህል ወደ ኋላ መቅረቱ የታወቀ ነው፤ የእኔው ግን በየቀኑ እኩል ነው የሚቀረው፣ መብራት ደግሞ በቀጠሮ አይጠፋም። ሌላው ስለ ጉንዳኖች አወራ። ሪሌይ ውስጥ ገብተው በሚገናኙት ብረቶች መካከል ስለሚጨፈለቁ፣ ብረቶቹ መገናኘት አቅቷቸው የእርሱ ፓምፕ የሚነሣው ሲፈልግ ብቻ እንደነበረ ነገረን። የሞቱትን ጉንዳኖች በጥርስ ብሩሽ እንዴት እንዳራገፈ አንድ አንቀጽ ሙሉ ጻፈ። ለእኔ ችግር አይጠቅምም፤ ግን የሣጥኔን የታችኛውን ቀዳዳ በዚያው ዕለት ደፈንኩት።

መልስ 7። አጭር ጥያቄ ናት፤ ክሩን ያዞረችው ግን እርሷ ናት። ፓምፑ መቼ እንደሚነሣ ሁሉም ሲጠይቅ፣ ይህ ሰው ለስንት ሰዓት እንደሚሠራ ጠየቀ። ስምንት ሰዓት ነው ብዬ ልመልስ ስል ለክቼው እንደማላውቅ ገባኝ። በማግስቱ ወንበር ይዤ ተቀመጥኩ። ፓምፑ ከተነሣበት እስከቆመበት 9 ሰዓት ከ36 ደቂቃ ነው።

መልስ 8። ስምንተኛው ሰው ሰላምታም አልሰጠም። የታይመሩን ሞተር ጀርባ እንዳነብ ብቻ አዘዘኝ። ብሬከሩን ዘግቼ፣ ሦስት ጊዜ ለክቼ፣ ሁለት ብሎኖች ፈትቼ ታይመሩን አወጣሁት። ሞተሩ ከሳንቲም ብዙም የማይበልጥ ክብ ነገር ነው። ጀርባው ላይ የተለጠፈችው ወረቀት ዳሯ ቢጫ ሆኗል፤ በስልኬ መብራት አዘንብዬ ሳያት 240 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ይላል። በቤቴ ያለው ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ነው።

ነገሩን ያብራራው በዚያው መልስ ሥር ተመልሶ የጻፈው ራሱ ስምንተኛው ነው፣ በዚህ ጊዜ ትንሽ ለስለስ ብሎ። ይህ ዓይነቱ ሞተር ጊዜን አይቆጥርም፤ የሚቆጥረው የኤሌክትሪኩን ሞገድ ነው። የማርሾቹ ጥርሶች የተቀረጹት በሴኮንድ 60 ሞገድ (60 ኸርዝ ማለት ይህ ነው) እንዲቆጥሩ ነው። 50 ብቻ ሲደርሳቸው እውነተኛው ሰዓት 60 ደቂቃ ሲሄድ ሰሌዳው 50 ደቂቃ ይሄዳል። በሰዓት አሥር ደቂቃ፣ በቀን አራት ሰዓት ይቀራል። በስድስት ቀን ደግሞ የሚቀረው ጊዜ ልክ አንድ ቀን ይሞላና ሰሌዳው የዳነ ይመስላል። ስምንት ሰዓት የታዘዘው ፓምፕ 9 ሰዓት ከ36 የሚሠራውም በዚሁ ምክንያት ነው። የታመመ ሰዓት እንዲህ እኩል እኩል አይሳሳትም። ሰዓቱም ሽቦውም ጤነኞች ነበሩ፤ ሁለቱን ሰዎች ያለ ጥፋታቸው ስማቸውን ሳነሣና ስጥል ነው የሰነበትኩት።

መልስ 9፣ 10 እና 11። እዚህ ላይ ክሩ ሞቀ። ዘጠነኛው ሰው ፓምፔ የሚዘገየው በ4 ሰዓት ከ48 ደቂቃ እንጂ በአራት ሰዓት አለመሆኑን የራሴን ቁጥር እየጠቀሰ አሳየና ስምንተኛውን ሒሳብ አያውቅም አለው። አሥረኛው ስምንተኛውን ደግፎ ዘጠነኛውን ማንበብ አይችልም አለው። ሰድቦ ለሰዳቢ ሰጠን ማለት ይህ ነው። አሥራ አንደኛው፣ ይመስለኛል አስተማሪ ነው፣ ሁለቱም ልክ መሆናቸውን አሳይቶ አስታረቃቸው። በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ሰሌዳውን ለሚያይ ሰው የሚቀረው አራት ሰዓት ነው። ሰሌዳው ሙሉ ዙር እስኪዞር ለሚጠብቅ ግን አንድ ዙር 28 ሰዓት ከ48 ደቂቃ ስለሚፈጅ ፓምፑ በየዙሩ 4 ሰዓት ከ48 ይዘገያል። ዘጠነኛው ከዚያ በኋላ ድምፁ አልተሰማም።

መልስ 12። ይህ መልስ ከሁሉም ይልቅ አሳሰበኝ። ሣጥኑ በሙሉ ለ60 ኸርዝ ከተሠራ፣ ችግሩ በሰዓቱ እንደማያበቃ አስጠነቀቀ። ለ60 የተሠራ ትራንስፎርመርና የኮንታክተር (ከባድ ጭነት የሚያበራና የሚያጠፋ ትልቅ ሪሌይ) መጠምጠሚያ በ50 ኸርዝ ላይ ከታሰበላቸው በላይ ኤሌክትሪክ ይስባሉ፤ ይሞቃሉ፤ ያጉረመርማሉ። ፓምፑም ለ60 የተሠራ ከሆነ ፍጥነቱ በስድስት አንድ እጅ እንደሚቀንስ አከለ። የፓምፔ ሰሌዳ 50 ይላል፤ ለብቻው የተገዛ ስለሆነ ተረፍኩ። ትራንስፎርመሩ ግን ለሁለት ሰዓት ከሠራ በኋላ ኤሌክትሪኩን ዘግቼ መዳፌን ባሳርፍበት ከአምስት ቆጠራ በላይ መቆየት አልቻልኩም። በ50 እና በ60 የሚሠራ ሌላ አመጣሁለት። ማሞቂያውን ቀድሞ የሚያጠፋው ማብሪያ ብቻ ነው ከዚህ ሁሉ ጉዳት የራቀው፦ ከሃያ ደቂቃ በፊት ማጥፋት የነበረበት ከሃያ አራት ደቂቃ በፊት ቢያጠፋ ማሞቂያው ይበልጥ ይቀዘቅዛል እንጂ አይጎዳም።

መልስ 13። ሁለቱን ጥርሶች በአራት ሰዓት ወደፊት እንድገፋቸው የመከረ ሰው ነው። በየቀኑ ማለቱ ከሆነ፣ ታይመር የገዛሁት ለምን ነበር?

መልስ 14 እና 15። አሥራ አራተኛው ይህን አሮጌ ሰሌዳ ጥዬ ሣጥን ውስጥ ባለ የብረት ሐዲድ ላይ የሚሰካ ትንሽ ዲጂታል ታይመር እንዳስገባ መከረኝ፤ 16 አምፔር ተጽፎበታል፣ ፓምፑ የሚወስደው ደግሞ ዘጠኝ ገደማ ነው። አሥራ አምስተኛው በዚህ አልተስማማም። ያ 16 አምፔር እንደ ማሞቂያ ላለ ጭነት እንጂ ለሞተር አይደለም፤ ሞተር ሲነሣ ለቅጽበት የተለመደውን አምስት ስድስት እጥፍ ይስባል። በእርሱ ቤት የደረሰውን ነገረን፦ የታይመሩ መስኮት «ጠፍቷል» እያለ ፓምፑ ሦስት ቀን ሙሉ ሳይቆም ሠራ። ሲከፍተው የታይመሩ ሁለት ብረቶች ተበየደው አንድ ሆነዋል። ትንሹ ታይመር የኮንታክተሩን መጠምጠሚያ፣ ማለትም «A1» እና «A2» ተብለው የተለዩትን ሁለት ብሎኖች ብቻ እንዲያዝ፣ የፓምፑን ጭነት ኮንታክተሩ እንዲሸከም ነው የሚመክረው። አሥራ አራተኛው አመሰገነ፤ የራሱን ሣጥን ሊያይ እንደሚሄድም ገለጸ። ደህና እንደገባ ተስፋ አደርጋለሁ።

መልስ 16። ስለ ስፓው ያስታወሰ አንድ ሰው ተገኘ። ሁለቱ ቫልቮች፣ የሚስበውና የሚመልሰው፣ አብረው መዞር እንዳለባቸው አስረዳኝ። አንዱ ወደ ስፓ ሌላው ወደ ገንዳ ከዞረ ፓምፑ ስፓውን እየመጠጠ ገንዳው ውስጥ ይደፋዋል። የቫልቭ ሞተሩ በተቃራኒ የሚዞር ከሆነ ሽቦ መፍታት አያስፈልግም፤ ጀርባው ላይ ያለችውን ትንሽ ማብሪያ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ማሻገር ይበቃል፣ መካከሏ ማጥፊያ ነው። ሞከርኩት። የእኔዎቹ ግን አብረው ነው የሚዞሩት።

መልስ 17። ስፓው የሚጎድለው ፓምፑ ሲሠራ ነው ወይስ ቆሞ ሲያድር የሚለውን የጠየቀው ይህ ሰው ነው። ፓምፑ ቆሞ ባደረበት ሌሊት ግድግዳው ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጌ ተኛሁ፤ ጠዋት ውሃው አንድ ስንዝር ወርዷል። ስለዚህ ጉዳዩ የኤሌክትሪክም አልነበረም። ከፍ ያለ ስፓ ወደ እርሱ በሚመልሰው ቧንቧ ላይ ውሃ ወደ ኋላ እንዳይሄድ የሚያግድ ቫልቭ ከሌለው፣ ፓምፑ እንደቆመ ውሃው ቁልቁል ወደ ገንዳው ይፈሳል። የእኔው ቫልቭ አለ፤ ክዳኑ ሥር ቅጠልና ጠጠር ተቀርቅሮ አልዘጋ ብሎ ነው።

መልስ 18። ክሩ የተበላሸው እዚህ ነው። አዲስ የገባ ሰው የራሱን ችግር ይዞ መጣ፦ ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ሲያፈተልክ የሚቆርጠው 30 ሚሊአምፔር ብሬከሩ የገንዳው መብራት በበራ ቁጥር ይወርድበታል። ያገኘውን መፍትሔ በኩራት ነው የነገረን። መብራቱን ከዚያ ብሬከር አውጥቶ ከተራ ብሬከር ጋር አስሮታል፤ አሁን አይቆርጥም። ሌሎችም እንዲያደርጉት መከረ።

መልስ 19። አሥራ ዘጠነኛው እርጥብ ሰውነት ለኤሌክትሪክ በሩን ከፍቶ እንደሚጠብቅ፣ ያ ብሬከር መቁረጡ ሥራው እንጂ ጥፋቱ አለመሆኑን፣ ልጆች ወደዚያ ውሃ ከመግባታቸው በፊት ሽቦውን እንዲመልስ በቁጣ ጻፈ። ቁጣው በዛ ያላችሁት አላችሁ፤ ለእኔ አልበዛም። ከቁጣው በኋላ ግን ምክንያቱን ፈልጎ ሰጠው። ያ ብሬከር በፌዙ የሄደውና በኒውትራሉ የተመለሰው እኩል መሆኑን ነው የሚያመዛዝነው። የመብራቱ ፌዝ በእርሱ በኩል ወጥቶ ኒውትራሉ በሌላ ብሬከር ማሰሪያ በኩል ከተመለሰ ሂሳቡ ስለማይገጥም ይቆርጣል። ኒውትራሉን ወደ ራሱ ማሰሪያ መመለስ ነው መፍትሔው። እርሱ ካልሆነ ውሃ የገባበት የመብራቱ ቤት ነው፤ ያኔ ደግሞ መብራቱን ከነጭራሹ ማብራት አይገባም።

መልስ 20። የመድረኩ ኃላፊ መልስ 18ን ደመሰሰው። አሥራ ስምንተኛው ከሁለት ቀን በኋላ ተመልሶ ኒውትራሉ ሌላ ማሰሪያ ላይ መገኘቱን በአንድ መስመር ነግሮን ሄደ። አላመሰገነም፤ መመለሱ ግን ይበቃል።

መልስ 21 እና 22። ቀጥሎ ነገሩ ወደ ውሃው ዞረ። ጨውን ወደ ክሎሪን የሚለውጠው መሣሪያ ከየት እንደሚታሰር አንዱ ጠየቀ፤ ከታይመሩ መውጫ ከፓምፑ ጋር መሆን እንዳለበት ተነገረው፣ ውሃው ቆሞ መሣሪያው ከሠራ ሃይድሮጅን ጋዝ ስለሚጠራቀም። ሌላው ደግሞ ለ60 ሜትር ኩብ ገንዳ በሰዓት 10 ሜትር ኩብ የሚገፋ ፓምፕ ስድስት ሰዓት ቢሠራ ውሃው ሁሉ ይጣራል ብሎ ደመደመ። አስተማሪው ዝም ማለት አልቻለም። የተጣራው ካልተጣራው ጋር እየተቀላቀለ ስለሚመለስ፣ በዚያ ስድስት ሰዓት በማጣሪያው ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ የሚያልፈው 63 በመቶ ያህሉ ብቻ መሆኑን አስልቶ አሳየ። እኔም የፓምፔን ስምንት ሰዓት አልነካሁም።

መልስ 23። ይኼኛው የእኔ ነው። የ50 ኸርዝ ሞተር ለብቻው ይሸጣል፤ ሁለት ብሎንና ሁለት ቀጭን ሽቦ ነው፣ መቀየሩ ከአሥር ደቂቃ አልበለጠም። እኩለ ቀን ላይ ሰሌዳውን አስተካከልኩ። በማግስቱ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ሊሆን ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ሣጥኑ አጠገብ ሄጄ ቆምኩ። ጥርሱ ቀስ ብሎ ምላሱን ሲገፋ አየሁት፤ ቀጭ አለና ፓምፑ ተነሣ። ዛሬ ዘጠነኛ ቀኑ ነው። ሽቦውን ያሰረልኝን ባለሙያ ደውዬ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ።

መልስ 24። ትናንት ማታ አንድ ሰው ከ60 ኸርዝ አገር ጻፈ። የእርሱ ታይመር ለ50 ነው የተሠራው፤ በየቀኑ 4 ሰዓት ከ48 ደቂቃ ይቀድማል፣ ፓምፑም በየ20 ሰዓቱ ይነሣል። የእኔን አሮጌ ሞተር ልልክለት፣ እርሱም የእርሱን ሊልክልኝ ሐሳብ አቀረበ። ደስ ብሎኝ ልስማማ ስል ስምንተኛው ትዝ አለኝና ሞተሩ ጀርባ ላይ ስንት ቮልት እንደተጻፈ አስቀድሞ እንዲያነብልኝ ጠየቅኩት። ካቻቢቴ ሊፈልግ ሄዷል፤ እስካሁን አልተመለሰም።